ጭብጨባውን ተዉትና ማስመሪያ አቀብሉት

ጽሑፉ ረዘም ስለሚል ቡናችሁን ይዛችሁ ተቀመጡ።

ማኅበራዊ ሚዲያው ላይ በየጊዜው የሚዞር አንድ ዓይነት ቪዲዮ አለ፤ ሁላችሁም አይታችሁታል። አንድ ልጅ ከባዶ የዘይት ቆርቆሮ፣ ከጣውላ ቁራጭና ከፍሬን ሽቦ በገዛ እጁ የሠራውን ጊታር አቅፎ ይጫወታል። ከሥሩ ኮሜንቱ ይጎርፋል። «ጎበዝ!» «የሀገሬ ልጅ!» «ይሄን ልጅ የሚደግፍ ሰው ይጥፋ?» ላይኩ በሺህ ይቆጠራል። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል ግን «ወንድሜ፣ ሦስተኛው ፍሬትህ ቦታውን ስቷል፤ ትንሽ ወደ ሆዱ አስጠጋው» የሚል አንድ ሰው አይገኝም።

ይኸው ልጅ ጊታሩን ተሸክሞ ለትምህርት ቤቱ የኪነ ጥበብ ክበብ ምልመላ ሲሄድ ደግሞ ሌላ ነገር ይጠብቀዋል። ሁለት ደቂቃ ይሰሙትና «አንተ ጆሮ የለህም» ይሉታል። አለቀ። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ቤቱ ይገባል፣ ጊታሩም ቆጥ ላይ ይወጣል።

እኔን የሁለቱም ነገር ያናድደኛል። ከሩቅ ሆኖ የሚያጨበጭብለትም፣ ከቅርብ ሆኖ የሚያባርረውም አንድ ነገር አላደረጉም። የጊታሩን አንገት አልለኩም። አቋሜን ከጅምሩ ልናገር፤ ቤት ውስጥ የተሠራ ጊታር ይዞ የመጣን ልጅ፣ ፍሬቶቹ በልኩ መቆረጣቸውን ሳያዩ «ጆሮ የለህም» ማለት በደል ነው። ስህተቱን ሳይነግሩ «ጎበዝ» ማለትም ከዚያ ብዙ አይሻልም።

በነገራችን ላይ የሙዚቃ ምሩቅ አይደለሁም። ዲፕሎማ ያለኝ የሒሳብ መምህር ነኝ። ለዚህ ጉዳይ ግን ሒሳቡ ይበቃል፤ ችግሩ የሒሳብ ነውና።

እስቲ ለማያውቀው ሰው ከመነሻው እንጀምር። ክራር ላይ እያንዳንዱ ክር የራሱ ድምፅ አለው፤ አንገት የሚባል ነገር የለውም። ማሲንቆ አንገት አለው፣ ነገር ግን አዝማሪው ክሩን አንገቱ ላይ አይጫነውም፤ ጣቱን በአየር ላይ ክሩን ያስነካዋል። ጣቱ በትንሹ ቢስት ጆሮው ይሰማና ወዲያው ያርመዋል። ጊታር እንዲህ አይደለም። አንገቱ ላይ በአግድም የተቀበሩት ቀጫጭን ብረቶች ፍሬት ይባላሉ። ጣት ከፍሬቱ ኋላ ሲጫን፣ ክሩ የሚርገበገበው ከፍሬቱ ጀምሮ ነው እንጂ ከጣቱ ጀምሮ አይደለም። ስለዚህ ድምፁ የሚወሰነው ልጁ ጣቱን ባሳረፈበት ሰዓት ሳይሆን መጋዙ አንገቱን በነካበት ሰዓት ነው። ቦታውን የሳተ ፍሬት ላይ የዓለም አንደኛ ጊታሪስት ብታስቀምጡም ያው የተሳሳተ ድምፅ ነው የሚወጣው። እንደውም ጆሮው ጥሩ የሆነው ልጅ ነው አብልጦ የሚሠቃየው።

አሁን ወደ ስህተቶቹ። እስካሁን ያየኋቸው በእጅ የተሠሩ አንገቶች በአብዛኛው ከሦስት በአንዱ ነው የሚበላሹት።

አንደኛው እኩል መከፋፈል ነው። ልጁ ጊታር በሥዕል ወይም በቪዲዮ አይቷል፤ ፍሬቶቹ እንደ መሰላል ደረጃ የተደረደሩ ይመስሉታል። 12ኛው ፍሬት የክሩ ግማሽ ላይ እንደሆነ ከሰው ሰምቷል፣ እሱም ትክክል ነው። ከዚያ ያንን ግማሽ ወስዶ ለ12 እኩል ይከፍለዋል። የክሩ ርዝመት እንደ ተለመደው ክላሲካል ጊታር 650 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። ግማሹ 325 ነው፣ ለ12 ሲካፈል 27.1 ሚሊ ይሆናል። የመጀመሪያው ትክክለኛ ፍሬት ግን 36.5 ላይ ነው መዋል ያለበት። ገና በመጀመሪያው ፍሬት ወደ አንድ ሳንቲም የሚጠጋ ስህተት! 7ኛው ደግሞ 216.2 ላይ መዋል ሲገባው 189.6 ላይ ይወድቃል። ይሄ ማለት ትክክለኛው 6ኛ ፍሬት ካለበት ከ190.4 አጠገብ ማለት ነው።

ይሄ በሙዚቃ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ከባዶው ክር ተነስተን ሜጀሩን ትዝታ ብንጫወት የምንፈልጋቸው ፍሬቶች 2፣ 4፣ 7፣ 9 እና 12 ናቸው። አንቺ ሆዬ ደግሞ 1፣ 5፣ 6፣ 9 እና 12 ነው። እንግዲህ ልጁ ትዝታ ብሎ 7ኛው ላይ ሲያሳርፍ ጊታሩ የሚመልስለት 6ኛውን፣ ማለትም ትዝታ ውስጥ የሌለውንና አንቺ ሆዬ ውስጥ ያለውን ድምፅ ነው። ከዚያ መልማዩ «ቅኝት አታውቅም» ይለዋል። ኧረ ቅኝቱን ያላወቀው እንጨቱ ነው!

ሁለተኛው ስህተት መገልበጥ ነው። ልጁ የጓደኛውን ጊታር ይዋሳል፣ ወረቀት አንገቱ ላይ ያነጥፋል፣ ፍሬቶቹን በእርሳስ ያነሳል፣ ከዚያ የራሱ እንጨት ላይ ያስተላልፋል። ብልህ ዘዴ ይመስላል። የሚሠራው ግን የሁለቱ ጊታሮች የክር ርዝመት አንድ ከሆነ ብቻ ነው።

የማውቀው አንድ ልጅ አለ፤ ስሙንም ትምህርት ቤቱንም አልጠራም። የጓደኛው ጊታር 650 ሚሊ ነበር፣ የሱ ግን ያገኘው ጣውላ ስላጠረ 580። 12ኛ ፍሬቱ 290 ላይ መሆን ሲገባው 325 ላይ ቆረጠው። ውጤቱ ምን ሆነ? 12ኛው ላይ ሲጫን የባዶውን ክር ድምፅ በእጥፍ ከፍታ መስማት ነበረበት፤ የሚሰማው ግን ከዚያም ከሁለት ሴሚቶን በላይ የወጣ ድምፅ ሆነ። ልጁ ለምልመላ ቀርቦ «ከነቱ አካባቢ ብቻ ነው የምትንቀሳቀሰው፣ ሰነፍ ነህ፣ ጆሮህም ደካማ ነው» ተብሎ ተመለሰ።

እስቲ አስቡት። ስህተቱ ወደ ሆዱ በተጠጋ ቁጥር እየሰፋ ይሄዳል፣ ስለዚህ ልጁ ከ4ኛው ፍሬት አልፎ መውጣት ትቷል። ለምን? ጆሮው ስለነገረው! ማንም ሳያስተምረው ከጊታሩ ውስጥ ትንሽ የሚዋሸውን ክፍል መርጦ እዚያ ላይ ብቻ መጫወት ጀመረ። ያ እንግዲህ የጥሩ ጆሮ ማስረጃ ነው፤ እነሱ ግን እንደ ስንፍና ቆጠሩት። ዜማውን በአፉ ሲያወጣው ቃናው አይዛነፍም ነበር፤ ግን በአፍህ አውጣው ያለው የለም። ለ580 የሚሆነውን ልክ አስልተን ፍሬቶቹን ስናስተካክል ያው ልጅ እስከ 12ኛው ድረስ ወጥቶ ተጫወተ። ምዝገባው ግን ቀድሞ ተዘግቶ ነበር። ያ ዓመት አመለጠው።

ሦስተኛው ስህተት ስሌቱን አውቆ ምልክቱን ማበላሸት ነው። ከ1ኛው ፍሬት ተነስቶ 2ኛውን፣ ከ2ኛው ተነስቶ 3ኛውን በማስመሪያ እየለኩ መሄድ። በየእርምጃው ግማሽ ሚሊ ብትስቱና ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ቢሆን 12ኛው ላይ ስትደርሱ 6 ሚሊ ተጠራቅሟል። 650 ሚሊ ክር ላይ 6 ሚሊ የሴሚቶን ሲሶ ያህል ነው፤ ጆሮ ያለው ሁሉ ይሰማዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ስሌቱን ተራ በተራ ሥሩት፣ ምልክቱን ግን ሁሌም ከአንድ ቦታ ለኩት፤ ማስመሪያውን ክሩ ራስጌው ላይ ከሚያርፍበት ድጋፍ፣ ጊታሪስቶች ነት ከሚሉት ላይ፣ አንዴ አሳርፉና እስከ መጨረሻው ሳታነሱት ምልክት አድርጉ።

ስሌቱስ? የ12 ዓመት ትምህርት «ሎጋሪዝም ምን ይጠቅመናል?»፣ «ጂኦሜትሪክ ሲኩዌንስ የት እንጠቀመዋለን?» እያላችሁ የጠየቃችሁኝ ተማሪዎቼ፣ ይኸውላችሁ።

የክር ድምፅ ከርዝመቱ ጋር የተገላቢጦሽ ነው። ውጥረቱና ውፍረቱ ካልተቀየረ፣ ርዝመቱን በግማሽ ስትቀንሱት ፍሪኩዌንሲው እጥፍ ይሆናል። ከአንዱ ድምፅ እስከ እጥፉ ድረስ 12 እኩል ሴሚቶኖች አሉ። እኩል የሚሆነው ግን በማካፈል ነው እንጂ በመቀነስ አይደለም። ራሱን በራሱ 12 ጊዜ ስናባዛው 2 የሚሰጠን ቁጥር 1.05946 ነው፤ እያንዳንዱ ፍሬት የቀረውን ክር ለዚህ ቁጥር ያካፍለዋል። ፍሬቶቹ ወደ ሆዱ ሲሄዱ የሚጠጋጉት ለዚህ ነው። 650 ላይ የመጀመሪያው ክፍተት 36.5 ሲሆን 12ኛው 19.3 ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ 12 ፍሬቶች 325 ሚሊ ይወስዳሉ፤ ቀጣዮቹ 12 ደግሞ 162.5። መሰላል አይደለም!

በእጅ ለመሥራት አቋራጩ ይሄ ነው። ከነቱ እስከ በርኩማው (ብሪጅ እስከሚባለው) ያለውን ርዝመት ለ17.817 አካፍሉ። ያገኛችሁት የ1ኛው ፍሬት ርቀት ነው። እሱን ከጠቅላላው ቀንሱ፤ የቀረውን እንደገና ለ17.817 አካፍሉ፤ የሚቀጥለው ክፍተት ይወጣል። እንዲህ እያላችሁ 12ኛው ስትደርሱ ልክ ግማሹ ላይ ካልወደቃችሁ የሆነ ቦታ ተሳስታችኋል። የማንኛውም ስልክ ካልኩሌተር ይሠራዋል። ለ650 ሚሊ ከነቱ ጀምሮ እነሆ፦

1ኛ 36.5
2ኛ 70.9
3ኛ 103.4
4ኛ 134.1
5ኛ 163.1
6ኛ 190.4
7ኛ 216.2
8ኛ 240.5
9ኛ 263.5
10ኛ 285.2
11ኛ 305.7
12ኛ 325.0

የናንተ ክር 650 ካልሆነ እያንዳንዱን ቁጥር በራሳችሁ ርዝመት አባዙና ለ650 አካፍሉ። በቃ፤ ከዚህ በላይ ምሥጢር የለውም።

ነገሩ አዲስም አይደለም። ቪንቼንዞ ጋሊሌይ፣ የታወቀው የጋሊሌዮ አባትና ራሱ ሉት ተጫዋች፣ በ1581 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ለ18 ማካፈልን ጽፏል። ለ18 ስታካፍሉ 650 ላይ 12ኛው ፍሬት ከ2 ሚሊ ትንሽ በላይ ወደ ነቱ ይቀርባል፣ ድምፁም በትንሹ ይወርዳል። ክር ሲጫኑት ስለሚወጠር ደግሞ በትንሹ ከፍ ይላል፤ ሁለቱ በከፊል ይካካሳሉ። ከ400 ዓመት በላይ የቆየ የእጅ ሥራ እውቀት ነው፤ እኛ ጋ ሲደርስ ለምን በዓይን ግምት ይሆናል?

አሁን ወደ መቁረጡ፤ ስሌቱ አምሮ መጋዙ ላይ የሚበላሸውም ብዙ ነውና።

የጊታር አንገት ራስጌው ላይ ጠበብ፣ ሆዱ ጋ ሰፋ ይላል። ስኳድራችሁን የአንገቱ ጠርዝ ላይ አስደግፋችሁ ካሰመራችሁ መስመሩ ይዘምማል፤ አንዱ ክር ፍሬቱን ቀድሞ፣ ሌላው ዘግይቶ ያገኘዋል። መጀመሪያ በአንገቱ መሀል ለመሀል ከራስጌ እስከ ሆዱ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ፤ ፍሬቶቹ ለዚያ መስመር ነው ቀጥ ማለት ያለባቸው። ወይም ደግሞ እንጨቱ ሁለት ጠርዙ ትይዩ እያለ ቁረጡና በኋላ ጠርዙን ጥረቡት።

ምልክቱን በወፍራም እርሳስ አታድርጉ፤ የእርሳሱ ውፍረት ራሱ ስህተት ነው። በሹል ቢላዋ ጫሩት፤ ጭረቱ መጋዙንም ይመራዋል። ከጭረቱ አጠገብ ቀጥ ያለ ጣውላ በሞርሳ አስራችሁ መጋዙን በሱ አስደግፉ። እኛ ሰፈር የሚገኘው ሴጌቶ ነው። የሴጌቶ ጥርስ ግራና ቀኝ ስለሚወጣ የሚቆርጠው ክፍተት ከምላጩ ይሰፋል፣ ወደ 1 ሚሊ ይጠጋል። የተገዛ የፍሬት ሽቦ ደግሞ የሚፈልገው ክፍተት 0.6 ሚሊ አካባቢ ነው። ሰፊ ክፍተት ውስጥ የገባ ፍሬት ይላወሳል፣ ይነሳል፣ ክሩን ያንጫርራል። ስለዚህ ወይ ቀጭን መጋዝ ፈልጉ፣ ወይ የሴጌቶውን ጥርስ ጎንና ጎኑን በሞረድ አሳሱት። የፍሬት ሽቦ ጠፍቶ የብስክሌት ጎማ ሽቦ የምትጠቀሙ ከሆነ ጥልቀት አያስፈልግም፤ ሽቦው በከፊል የሚቀመጥበት ቦይ አውጡና በኮላ ያዙት።

ከሁሉም በላይ ግን፣ ከመጋዙ በፊት ክር ተጠቀሙ። የዓሣ ማጥመጃ ናይለን ወስዳችሁ በየምልክቱ ላይ አንገቱን ዞራችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ እሰሩ። እሱ ራሱ ፍሬት ነው። ተጫወቱበት። በስልካችሁ ቲዩነር ፈትሹት። የሳተ ካለ በጣት ገፋ ታደርጉታላችሁ፤ መጋዝ የቆረጠውን ግን ማንም ገፍቶ አይመልሰውም። በርኩማውንም ቶሎ አትለጥፉት። 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ የምትሰሙት ድምፅ፣ እዚያው ላይ ክሩን ነካ ብቻ አድርጋችሁ ከምትሰሙት ጥርት ያለ ድምፅ ጋር እስኪገጥም ድረስ አንድ ሁለት ሚሊ ወደ ኋላ እየገፋችሁ ፈልጉለት።

አሁን ተቃውሟችሁን አውቃለሁ፤ ቀድሜ ልመልስ።

«ይሄ የፈረንጅ ሚዛን ነው፤ የኛ ቅኝት በ12 እኩል አይከፈልም» የምትሉ አላችሁ። ግማሽ እውነት አላችሁ። አዝማሪ በጆሮው ሲቃኝ ሁልጊዜ ፒያኖው ያለበት ቦታ ላይ አያርፍም፤ ማማሩም አንዱ እዚያ ላይ ነው። ግን ይሄ በግምት ለመቁረጥ ምክንያት ይሆናል እንዴ? ቱርኮች ሳዝ የሚባል ረጅም አንገት ያለው መሣሪያ አላቸው፤ ፒያኖ ላይ የማይገኙ ድምፆች አሉት። ፍሬቶቹ የታሰሩ ክሮች ናቸው፤ የሚታሰሩት ግን እዚያ ድምፅ ላይ ታስቦ፣ ተሰምቶ ነው። የራሳችሁን አንቺ ሆዬ በራሳችሁ ጆሮ ፈልጋችሁ እዚያው ላይ ናይለኑን ብታስሩ እኔ ባርኔጣዬን አነሳለሁ። አዝማሪው እየሰማ ነው የሚስተው፤ በግምት የሄደ መጋዝ ግን ምንም አይሰማም። ሁለቱን «ባህል» ብላችሁ አንድ ላይ አትጠቅልሏቸው።

«ልጁ ድሃ ነው፣ ከየት አምጥቶ ይለካል? ሞራሉን አትንኩበት» የምትሉም አላችሁ። ማስመሪያ እያንዳንዱ ተማሪ ቦርሳ ውስጥ አለ። ስልክ ባይኖረው አንድ ወረቀትና እርሳስ ማካፈል ይችላሉ። ድህነት ለቆርቆሮው ምክንያት ይሆናል፣ ለፍሬቱ ግን አይሆንም፤ 216.2 ሚሊ ለሀብታምም ለድሃም አንድ ነው። ሞራሉን የሚነካው ስህተቱን መንገር አይደለም። ሞራሉን የሚገድለው ስድስት ወር ለፍቶ የሠራው ነገር ለምን እንደማይሰማማ ሳያውቅ «እኔ ነኝ የማልችለው» ብሎ መደምደሙ ነው።

«ምን አደከማቸው፣ የተሠራ ጊታር ይገዛላቸው» ለምትሉ ደግሞ፣ ግዙላቸው! ማን ከለከላችሁ? እስክትገዙላቸው ግን ያለው ይሻሻል። ደግሞ የተገዛ ጊታር የሚያስተምረው መጫወት ነው። በራሱ አንገት ላይ ራሱ አስልቶ የቆረጠ ልጅ ግን ሬሾን፣ የድምፅን ፊዚክስና የአናጺነትን ሥራ በአንድ ጊዜ ነው የሚማረው። ባዶ ላብራቶሪ ይዘን «ተግባር ተኮር ትምህርት» እያልን ስብሰባ እንቀመጣለን። ይኸው ተግባሩ ቆርቆሮ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል፤ እኛ ነን የምናባርረው።

ለሥራ ባልደረቦቼ አንድ ቃል። የሒሳብና የፊዚክስ መምህራን፣ እንዲህ ዓይነት ልጅ ሲመጣላችሁ «ይሄ የሙዚቃ ክበብ ጉዳይ ነው» አትበሉ። የናንተ ጉዳይ ነው። ለምልመላ የምትቀመጡም፣ መጀመሪያ «ክርህ ስንት ሚሊ ነው? 12ኛው ፍሬትህስ የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛው የመጀመሪያው ግማሽ ካልሆነ ልጁን ሳይሆን ጊታሩን ነው የምትፈትኑት። በአፉ ያዚም፤ ከዚያ ፍረዱ። አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

እናንተም ተከታዮቼ፣ ያ ዓይነቱ ቪዲዮ ሲመጣላችሁ ላይኩን አድርጉ፣ እኔም አደርጋለሁ። ከ«ጎበዝ» ቀጥላችሁ ግን «ከነቱ እስከ በርኩማው ስንት ነው?» ብላችሁ ጻፉለት። ቤታችሁ እንዲህ ዓይነት ጊታር ያለው ልጅ ካለም ርዝመቱን በሚሊ ኮሜንት ላይ አስቀምጡልኝ፤ 12ቱንም ቁጥር ሠርቼ እመልሳለሁ። ቆጥ ላይ የወጣ ጊታር ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ ደግሞ አውርዱትና ለኩት። ምናልባት ጆሯችሁ ደህና ነበር።

ቸር እንሰንብት።